ዝምታ ከደንገጎ እስከ ከዚራ

የተቃጠለ ፍሬን ሽታን ከሌላ ሽታ ጋር የሚያምታታ ሹፌር የለም። የሚቃጠል ጎማ ሌላ ነው፣ የፈሰሰ ዘይትም ሌላ ነው። የፍሬን ሸራ ሲጋይ ግን ሽታው በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ ቢጠጡበት አይወርድም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሽርጤን አገልድሜ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሙቀቱ እስኪበርድ በካርቶን ራሴን እያራገብኩ ሳለ ያ ሽታ ድንገት መጣብኝ። ልጄ ሚኪያስ በሐረር መስመር የሚሠራባትን ሚኒባስ አምጥቶ በራችን ላይ ማቆሙ ነበር። ከዘራዬን ይዤ ወጣሁና የእጄን ጀርባ ወደ ፊተኛው ጎማ ቸርኬ አስጠጋሁት። መንካት አላስፈለገኝም፤ ወላፈኑ ከሩቅ ይጋረፋል። ሰባ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ አፍንጫዬ ግን ገና የሹፌር ነው።

«ሞተር አጥፍተህ ነው የወረድከው?» አልኩት።

«አቦ አባዬ፣ ደግሞ ጀመርክ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የእናቱ ነው፤ ነፍሷን ይማረውና እሷም እንዲህ ጥርሷን ሳትሸሽግ ነበር የምትስቀው። «ከዚራ ለመግባት ሁለት መታጠፊያ ብቻ ነው የቀረኝ። ዘንድሮ ያንተ ድንጋይ ጋ እደርሳለሁ። ሰው ሁሉ ‘ወንዴ፣ ወንዴ’ ሲል ሰለቸኝ፤ እስቲ ደግሞ ‘ሚኪ’ ይበሉ!»

ወንዴ እኔ ነኝ። ድንጋዩም የኔ ነው። ስለ ድንጋዩና ስለ ዝምታው የማወራው ነገር አለኝ፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው፣ ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩት ነገር ነው። ዛሬ የምጽፈው ድፍረት ስላገኘሁ አይደለም፤ ሌላ የምሞክረው ነገር ስላለቀብኝ ነው።

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። መንግሥት ሊለወጥ ነው የሚባልበት ነበር ወይስ ተለውጦ ገና ያልለመድነው፣ እንጃ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ሻይ በስሙኒ ነበር፤ በስሙኒው ላይ ትንሽ ሲጨመርበት ቃሪያ የተሰነገባት ትኩስ ሳምቡሳ ትመጣለች። ቦላሌ ሱሪ ሌላው አገር ሲተወው እኛ ድሬዎች ገና አልጠገብነውም ነበር፤ የኔ አንዷ ቡናማ ቦላሌ ከጉልበቷ በታች ስትሰፋ ሁለት ሕፃን ታስጠልላለች። ሸሚዙ በባቡር ከጅቡቲ የመጣ ነው፤ አበባ አበባ አለበት፣ አንገቱ እስከ ትከሻ ይደርሳል። ሽቶውም ከዚያው ነው፤ አንድ ጠብታ ከነካህ ሰው አንተን ሳያይ መምጣትህን ያውቃል። ማታ ማታ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስንንሸራሸር ከአንዱ ቤት የአማርኛ ዘፈን፣ ከሚቀጥለው የሶማሊኛ፣ ከማዶ ደግሞ የኦሮምኛ ይሰማል፤ አንዱ ካሴት ሌላውን አይረብሸውም። ልጃገረዶቹ ስስ የድሪያ ቀሚሳቸውን ለብሰው ሲያልፉ እኛ ሹፌሮች የመኪናችንን ቁልፍ በጣታችን ላይ እናሽከረክራለን። ቁልፍ ማሽከርከር ያን ጊዜ የዲግሪ ያህል ነበር። አሁን እዚያው ዛፍ ሥር ባጃጆች ተሰልፈው እርስ በርስ ክላክስ ይነፋፋሉ፤ ዛፎቹ ያው ናቸው፣ ጥላው ግን ያነሰ ይመስለኛል።

የጭነት ሹፌር ነበርኩ። ከሐሮማያ በኩል ድንችና ሽንኩርት ጭነን በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ እናወርዳለን። ቁልቁለቱን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ላይ ደንገጎ ስትቆም ብርድ ነው፣ ጃኬት ትደርባለህ። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ አንዴ ተራራውን አንዴ ገደሉን እያሳየህ ይወርዳል፤ ታች ስትደርስ ሸሚዝህን የምታወልቅበት ሙቀት ይቀበልሃል። አሮጌዎቹ አሽከርካሪዎች አንድ ሕግ ነበራቸው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣኸው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ነው የምትወርደው፤ መኪናውን ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን ለክፉ ቀን አስቀምጠው ማለት ነው። እኛ ወጣቶቹ ይህን ሕግ የሽማግሌ ወግ አደረግነው። መጀመሪያ ናፍጣ ለመቆጠብ፣ ሞተሩ መኪናውን እንዳይዘው ማርሹን ፎሌ እየለቀቅን መውረድ ጀመርን። ናፍጣው ተረሳና ጨዋታ ሆነ፤ ጨዋታው ደግሞ ክብር ሆነ።

ጨዋታውን «ዝምታ» ብለን ሰየምነው። ደንገጎ ላይ ሞተሩን ታጠፋለህ፣ ቁልፉን ነቅለህ ደረት ኪስህ ውስጥ ትከታለህ። የዚያን ዘመን መኪና ቁልፉ ቢነቀልም መሪው አይቆለፍም። ከዚያ በኋላ ነፋስና የጎማ ድምፅ ብቻ ነው። ፍሬን ያለ ሞተር ሁለት ሦስት ጊዜ ቢረገጥ ነው፤ ከዚያ እግርህ ሥር ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ጎበዝ የሚባለው ፍሬን ሳይረግጥ ኩርባውን በመሪ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። መኪናው በገዛ ራሱ ሄዶ ሄዶ በቆመበት ቦታ ጎማው ሥር ድንጋይ ታስቀምጣለህ፤ ድንጋዩ ባንተ ስም ይጠራል። አብዛኛው ሰው ድንጋዩ ከተማው ጫፍ ላይ ነው። አንዳንዱ ወደ ውስጥ ትንሽ ገፋ አድርጓል። የኔ ግን ከዚራ ነው፤ ዛፎቹ ሥር፣ መሐል ከዚራ! «ወንዴ በዝምታ ከዚራ ገባ» የሚለው ወሬ ሐረር ድረስ ሄደ። ሻይ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። የማላውቀው ሰው ሒሳቤን ከፍሎ ይወጣል። ሠርግ ላይ ሙሽራ የሚያጅበው መኪና እኔ እንድነዳው እለመናለሁ። ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ «ከድሬ ሹፌር ሁሉ ማን ይበልጣል?» ቢለኝ ጥያቄው ራሱ ይገርመኝ ነበር።

አሁን የማልሸሸው ቦታ ላይ ደረስኩ። ከዚራ በዝምታ አልገባሁም።

ድሬ በቀትር ትተኛለች፤ ይህን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሱቁም ይዘጋል፣ ቢሮውም ይዘጋል፣ ውሻውም ጥላ ይፈልጋል። ያን ቀን ረዳት ሳልይዝ ቁልቁለቱን እውነትም በዝምታ ወረድኩ፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኔ እምቢ ብሎኝ አንዱ ጎማ የገደሉን ጠርዝ ሲረግጥ ጠጠሩ ወደ ታች ሲንከባለል ሰምቻለሁ። ሱሪዬ ላይ ምን እንደደረሰ ልነግራችሁ አልችልም፣ ቦላሌዋን በማግስቱ ጣልኳት። ከተማው ጫፍ ላይ መኪናው ቆመ፤ እንደማንም ሰው። ዙሪያዬን ሳይ ጭር ብሏል፣ አንድ ሰው የለም። ሞተሩን አስነሳሁ። በተኛው ከተማ መሐል ቀስ ብዬ ነዳሁና ከዚራ መግቢያ ላይ አጠፋሁት፤ በቀረው ፍጥነት እየተንሸራተትኩ ዛፎቹ ሥር ቆምኩ። ድንጋዬን ጎማው ሥር አደረግሁ፣ ቁልፉን ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ መሪው ላይ ተደፍቼ የተኛሁ መሰልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ የተነሳው ሕዝብ እዚያ አገኘኝ። አንድም ቃል አልዋሸሁም፤ «እንዴት አደረግከው?» ሲሉኝ ፈገግ ነው ያልኩት። ፈገግታ እንደ ውሸት አይቆጠርም ብዬ ነበር የማስበው፤ ጅል ነበርኩ።

ዩሱፍ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ጓደኛ ማለት ያንሰዋል፤ የኔ የጾም ቀን ሲሆን እሱ ሥጋ ቤት አይገባም፣ እሱ ሲጾም እኔ እስከ መግሪብ ሲጋራ አላጨስም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በመዳፉ የሚሸፍን ሰው ነበር። ከሁላችንም የሚሻል ሹፌር እሱ ነበር፤ ይህን ያኔም አውቀው ነበር፣ ለዚህም ነው ይመስለኛል እሱን መተረብ ያልተውኩት። ዩሱፍ ሕጉን ያከብራል። ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ ከኋላው አስር መኪና ቢሰለፍበት እንኳ ቅንጣት ሳይቸኩል ይወርዳል። ጭነቱን ሁለቴ ሳይፈትሽ፣ ጎማውን በመዶሻ ሳያንኳኳ አይነሳም። ስም አወጣሁለት፤ «ሙሽራው» አልኩት፣ መኪናው ውስጥ ሙሽራ የያዘ ያህል ስለሚሄድ። ስሙ ያዘ። ሻይ ቤት ሲገባ እልል ይሉለታል። እሱ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ይስቃል፤ እኛም የማይከፋው ይመስለናል።

አንድ ቀን እሱ ቤት ምሳ ተጋብዘን ነበር። ሚስቱ ዘይነባ ሩዙን በትልቅ ሳህን አቅርባ፣ በአንድ ሳህን ዙሪያ ተቀምጠን ስንበላ እኔ እንደ ልማዴ ለፈለፍኩ። «ዘይነባ፣» አልኳት፣ «ባልሽ ዳገት እንጂ ቁልቁለት አያውቅም። እግዜር ልጅ ሲሰጣችሁ እሱንም በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚያሳድገው!» ዘይነባ ሳቀች። የሳቀችው ነገሩ ስለሚያስቅ ነው፤ አዲስ ሙሽራ ነበረች፣ ክፋት የለባትም። ሁላችንም ሳቅን። ዩሱፍ ግን ያን ጊዜ አፉን አልሸፈነም። ሩዙን እያየ ቆየና «ዝምታው ያን ያህል ቀላል ነው፣ ወንዴ?» አለኝ። ልቤ ውስጥ አንድ ነገር «ተናገር» ብሎኝ ነበር፣ እምላለሁ ብሎኝ ነበር። «ለሚችል ሰው ቀላል ነው» አልኩት።

ሳምንት አልሞላም። እኔ ጭነቴን አራግፌ ባዶ መኪና ይዤ ወደ ላይ ስወጣ አንድ ኩርባ ላይ ሰው ተሰብስቦ አየሁ። ድንቹ በገደሉ ላይ ተበትኗል። የመኪናው ጎማዎች ወደ ሰማይ ናቸው። ረዳቱን ደንገጎ ላይ «አንተ በሌላ መኪና ና» ብሎ አውርዶት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያን ያህል ፈርቶ ኖሯል፣ ያን ያህልም ጨዋ ነበር። ወደ ታች ተንሸራትቼ ጋቢናው ጋ የደረስኩት ቀድሜ ነው። ዩሱፍ የለም፤ አካሉ አለ፣ እሱ የለም። የማርሹን ዘንግ አየሁት፣ ፎሌ ላይ ነው። የቁልፉን ቀዳዳ አየሁት፣ ባዶ ነው። ደረት ኪሱን ስነካው ቁልፉ እዚያ ነበር፤ ገና ይሞቅ ነበር።

ከላይ ሰዎች እየወረዱ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቼ ቦታው ላይ ሰካሁት። ማርሹን ሁለተኛ ውስጥ አስገባሁት። ትራፊኩ መጥቶ ሲመዘግብ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ተባለ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ይህን ያደረግሁት ለስሙ ብዬ ነው ስል ኖርኩ፤ ጥንቁቅ ሰው ነበር፣ ጥንቁቅ ሆኖ ይቀበር ብዬ። ለዘይነባም ብዬ ነው እላለሁ። እውነቱ ግን እኔ «ለሚችል ሰው ቀላል ነው» ማለቴን ሰው እንዳያስታውስ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልነዳሁም። ወገቤን ያመኛል አልኩና ጋራዥ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። ዝምታውም ከጊዜ ጋር ቀረ፤ ድንጋዮቹ ተነሱ፣ የኔው ብቻ ዛፉ ሥር ተቀበረና ጫፉ ወጥቶ ቀረ። ወሬው ግን አልቀረም፤ እያደር ወፈረ። ሚኪያስ ከተወለደ ጀምሮ የሚሰማው ተረት ይኸው ነበር። ሰዎች በመንገድ እያስቆሙት «አባትህ እኮ...» ይሉታል። እኔስ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። ዝም ማለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አንዳንዴ ሻይ ላይ ሞቅ ሲለኝ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ መሪውን እንዴት እንደያዝኩት በእጄ አሳየው ነበር። ልጁ ዓይኑ ያበራል። የልጅ ዓይን ሲያበራልህ እውነት መናገር እንዴት ከባድ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ሚኪያስ መጥፎ ልጅ አይደለም። አይጠጣም፣ ተሳፋሪ አይሳደብም፣ አሮጊት ሲያይ ወርዶ ዕቃዋን ይጭናል። ችግሩ ራሱን ማመኑ ነው። ቀበቶ ሲያስር አይቼው አላውቅም፤ ትራፊክ ሲያይ ብቻ ደረቱ ላይ ጎተት አድርጎ በእጁ ይይዘዋል፣ ካለፈ በኋላ ይለቀዋል። «ቀበቶ ለጀማሪ ነው» ይላል። አንዴ ሹፌሮችን ሰብስበው ስለ አደጋ ሲያስተምሯቸው አሰልጣኙ «ከሌላው የተሻልኩ ሹፌር ነኝ የሚል እጁን ያውጣ» ብሎ ነበር አሉ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። «ታዲያ ደካማው ማን ነው?» ሲል ሁሉም ዞሮ ጎረቤቱን አየ። ሚኪያስ ይህን ሲነግረኝ በሳቅ ፈነዳ። «አንተስ አወጣህ?» አልኩት። «እንዴ! እኔማ የወንዴ ልጅ ነኝ፣ ሁለቱንም እጄን ነው ያወጣሁት!»

የፍሬኑን ሽታ ያሸተትኩ ዕለት አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት። ከቀትሩ ጀምሬ እስከ ዩሱፍ ደረት ኪስ ድረስ ምንም አላስቀረሁም። ልጄ ፊት አልቅሼ አላውቅም፣ ያን ቀን አለቀስኩ። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ጨርሼ ቀና ስል እጄን ይዞ ሳመው።

«አባዬ፣» አለኝ፣ «ለኔ ብለህ ስምህን አታጥፋ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ገብቶኛል እኮ። ልታስፈራራኝ ነው። ግን ይሄን ያህል ራስህን ማዋረድ የለብህም፣ አቦ። ከዚራ መግባትህን ድሬ ሙሉ ያውቃል።»

«ማንም አላየኝም! ተኝተው ነበር! ዩሱፍ የሞተው የሌለ ነገር ሲያሳድድ ነው!»

«ዩሱፍ የሞተው ስላልቻለ ነው» አለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ ለማጽናናት ነው። «አደጋ የሚደርሰው በማይችል ሰው ላይ ነው። ቀን የጎደለበት ደግሞ አልጋው ላይም ይሞታል። አንተ አብሽር፣ ሰው ስጭን አላደርገውም።»

ከኔ ይሻል ነበር ብዬ ጮህኩ። አልሰማኝም፤ ሚኒባሷን ሊያጥብ ባልዲ እየፈለገ ነበር።

በማግስቱ ከድሬ ወጣ ብላ ወዳለችው ቢዮ አዋሌ ሄድኩ። ዘይነባ ዩሱፍ ከሞተ በኋላ ወደ ዘመዶቿ ሄዳ እዚያው ቀርታለች፤ ትንሽ ሱቅ አላት፣ ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች። ልጅ አልነበራቸውም፤ ዳግመኛም አላገባችም። ይህን ሁሉ ዓመት ለዒድ ስኳርና ዘይት እልክላት ነበር፣ እሷም «የዩሱፍ ወንድም» ትለኛለች። የሄድኩት ድሬ መጥታ ልጄን እንድታናግርልኝ ነበር፤ እኔን ባያምን የሟቹን ሚስት ያምናል ብዬ። ለዚህ ግን መጀመሪያ ለሷ መናገር ነበረብኝ። ሱቋ በር ላይ ባለች ዱካ ተቀምጬ ነገርኳት። ስናገር ሻሿን ወደ ፊት እየሳበች ፊቷን ሸፈነች።

«ፍሬኑ አልነበረም?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«ያኔ ስስቅ አይቶኛል ማለት ነው።» ሻሿን ከፊቷ ገለጠች። «አርባ ዓመት፣ ወንዴ! ብረት ነው የገደለው ብዬ፣ ብረት ምን ይደረጋል ብዬ ተኛሁ። አሁን እንዴት ብዬ ልተኛ? ወላሂ፣ አንተ ቁልፉን መልሰህ የሰካኸው ለኔ አልነበረም።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ድሬ ትሄጅልኛለሽ ወይ ስላት ተነሳችና የሱቁን መጋረጃ ለቀቀችው።

«እኔን ምን ትለምናለህ? እኔ ቀብሬ የጨረስኩ ነኝ። ሂድና መኪናው ውስጥ ለተቀመጡት ንገራቸው» አለችኝ ከመጋረጃው ጀርባ።

እውነቷን ነበር። ከቢዮ አዋሌ የተሳፈርኩበት መኪና ሹፌር ማንነቴን ሲያውቅ ልጄን ያመሰግንልኝ ጀመር፤ «በቀደም አስራ አራት ሰው ጭኖ በዝምታ ሲወርድ አየሁት፣ አንተን ቁርጥ!» አለኝ። ሰው ስጭን አላደርገውም ያለኝ ልጅ። የቀረውን መንገድ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄድኩ። የሚኪያስ ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር። እሱ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል። በሩን ይዤ ቆምኩና ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ባዶ የጫት ጆንያ የያዘች ሴት፣ ደብተር የያዙ ሁለት ተማሪዎች፣ ሕፃን ያቀፈ አባት። «ውረዱ» አልኳቸው። «ይህ ልጅ ልጄ ነው። ስትመለሱ ሞተር አጥፍቶ ያወርዳችኋል፣ ፍሬኑ አይይዝለትም። ይህን ከኔ ነው የተማረው፣ እኔ ደግሞ ዋሽቼ ነው። ከዚራ በዝምታ ገብቼ አላውቅም።»

ጆንያ የያዘችው ሴት ጮክ ብላ ሳቀች።

«ዋይ፣ ወንዴ ነህ? የከዚራው ወንዴ? አቦ፣ ሲያረጅ ትሑት ሆነ!» አለች። «የወንዴ ልጅ ከሆነማ ምን እንፈራለን? ና፣ ና አንተ፣ አንድ ቦታ አለ!» ብላ ውጭ ቆሞ የሚያመነታ ሰውዬ ጠራች። ሰውዬው ፊቴን አየና፣ እጄን ጨብጦኝ፣ ገብቶ ተቀመጠ። ወያላው «ሞልቷል!» ብሎ በሩን በኔ ላይ ዘጋው።

ትራፊክ ቢሮም ሄጃለሁ። ወጣቱ መኮንን በአክብሮት ወንበር ሰጠኝ፤ በዓይናችን ካላየነው ክስ የለም አለኝ፣ ሲሸኘኝም የዝምታውን ታሪክ እንዳጫውተው ለመነኝ። ቁልፉን ልሰርቀው ሞክሬ ነበር፤ ትርፍ ቁልፍ አለው። የመኪናውን ባለቤትም ለመንኩ፤ ናፍጣ የማይጨርስ ሹፌር ከየት ያመጣል? የዛሬ መኪና ቁልፉ ከተነቀለ መሪው ስለሚቆለፍ ሚኪያስ አጥፍቶ እዚያው ይተወዋል። መሪው ግን ያለ ሞተር ይከብዳል፣ ፍሬኑም ያው ድንጋይ ይሆናል፤ መኪናው ቢያምርም ቁልቁለቱ ያው ነው። ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። «አውቃለሁ አባዬ» ይለኛል።

አሁን ከቀትር በኋላ ከዘራዬን ይዤ በባጃጅ ከተማው ጫፍ እሄዳለሁ፤ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አንድ የጎሚስታ ሱቅ አለ፣ በረንዳው ላይ ወንበር ያወጡልኛል። እዚያ ሆኜ የሚወርደውን ሞተር ሁሉ አዳምጣለሁ። ሲያጉረመርም የሚመጣ መኪና ልቤን ያሳርፋታል። የዩሱፍን ሞተር ጩኸት ስንት ዓመት ሳቅሁበት፤ ዛሬ እንደዚያ የሚጮህ አንድ መኪና ለመስማት በጠራራ ፀሐይ እቀመጣለሁ።

ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነጯ ሚኒባስ በመጨረሻው ኩርባ ብቅ አለች። ጆሮዬን አዘነበልኩ። ምንም የለም፤ ጎማ አስፋልት ሲልስ ብቻ ይሰማል። ከወንበሬ ተነስቼ መንገዱ ዳር ወጣሁና ከዘራዬን እያወዛወዝኩ «አስነሳው! ሞተሩን አስነሳው!» እያልኩ ጮህኩ። ተሳፋሪዎቹ አዩኝ። አንዱ ለሌላው ጠቆመኝ፤ ከዚያ በመስኮቶቹ እጃቸውን አውጥተው «ወንዴ! ወንዴ!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሚኪያስም አየኝ። ፊቱ በደስታ በራ፤ ሊመርቀው የወጣ አባት ሆኜ ታየሁት። ያን ከባድ መሪ ለቀቀና ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሳልኝ።